በስልክ የሚታየው ዋጋ ከኪስ የሚወጣው ዋጋ ይሁን

 

የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፤ የጋበዙኝ ወጣቶች «በስልክ ስለሚደረግ ንግድ ንገረን» ነው ያሉኝ። ጉዳዩ ሰፊ ነው። ስለ ፎቶ አነሳስ ማውራት ይቻላል፤ ስለ ማስታወቂያ፣ በቴሌብር ስለ መክፈል፣ ዕቃ ስለ ማድረስም እንዲሁ። እኔ ግን ዛሬ የምቆመው ከዕቃው ፎቶ ሥር በምትጻፈው ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ያቺ ቁጥር ቫትን ጨምራ ትጻፍ ወይስ ሳትጨምር? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

መልሴን አላቆየውም። ለሸማች የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ዋጋ፣ ሸማቹ በመጨረሻ የሚከፍለው ዋጋ መሆን አለበት። ቫት ካለበት ቫቱ ውስጡ ይግባ። ለምን እንደዚያ እንደምል፣ ነጋዴው ለምን እንደሚፈራው፣ ፍርሃቱም በየትኛው ሂሳብ ላይ እንደቆመ በየተራ አሳያችኋለሁ።

በመጀመሪያ ከገዢው ወገን እንየው።

አንዲት እናት ኩታበር ሆነው በልጃቸው ስልክ አንድ የቴሌግራም ቻናል ያያሉ እንበል። ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ የጦሳ ተራራን ብርድ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን ሳይጠይቅ የማያልፈው ዓይነት። ከፎቶው ሥር «4,000 ብር» ተብሎ ተጽፏል። እናት ገንዘባቸውን ይቆጥራሉ፤ 4,000 ሞልቷል። ልጃቸው በውስጥ መስመር «አለ?» ብሎ ይጽፋል። «አለ፤ ከነቫቱ 4,600 ነው፤ ማድረሻ ለብቻ» የሚል መልስ ይመጣለታል።

እዚህ ላይ 600 ብሩ ራሱ በደል አይደለም። ቫት ሕጋዊ ታክስ ነው፤ መንገድና ትምህርት ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ነው። በደሉ 600 ብሩ የተነገረበት ሰዓት ላይ ነው። እናት በ4,000 ብር ካወጡ ካወረዱ፣ ከሌላው ብርድ ልብስ ጋር ካወዳደሩ፣ «ልግዛው» ብለው ከቆረጡ በኋላ ነው የተነገራቸው። ልባቸው ከወሰነ በኋላ ሂሳቡ ተቀየረባቸው። ያ ቁጥር ቀድሞ ታይቷቸው ቢሆን ምናልባት ሌላውን ይመርጡ ነበር፤ ምናልባትም ሳይከፋቸው ይህንኑ ይገዙት ነበር። ሁለቱም የእሳቸው መብት ነው።

ይህ በሱቅም ያጋጥማል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ያጋጥማል። ነገር ግን ደሴ ሸዋ በር ወይም ፒያሳ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት ነው። ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። በስልክ የሚገዛው ግን በእጁ ያለው ፎቶና ቁጥር ብቻ ነው። ጨርቁን አልዳሰሰም፤ የሻጩን ፊት አላየም። እምነቱን ሁሉ የጣለው በዚያች ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ በስልክ የምትጻፍ ዋጋ በሱቅ ከሚለጠፍ ዋጋ ይልቅ ሙሉ መሆን አለባት እላለሁ።

አሁን ትንሽ ወደ ታሪኩ ልውሰዳችሁ፤ አልዘገይም። ከቫት በፊት አገራችን የሽያጭ ታክስ ነበራት። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 ወጣ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቫት በሽያጭ ታክስ ቦታ ተተካ። ምጣኔው ያኔም 15 በመቶ ነበር፤ ዛሬም 15 በመቶ ነው። ያልተመዘገበው ትንሽ ነጋዴ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 308/1995 በተርን ኦቨር ታክስ ሥር ገባ፤ በዕቃ ሽያጭ 2 በመቶ፣ በብዙ አገልግሎቶች 10 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. አዲሱ የቫት አዋጅ ቁጥር 1341/2016 አሮጌውን ተካ። ለመመዝገብ የሚያስገድደው ዓመታዊ ሽያጭ መጀመሪያ 500,000 ብር ነበር፤ በኋላ 1 ሚሊዮን ሆነ፤ አሁን 2 ሚሊዮን ብር ነው። ይቺን 2 ሚሊዮን ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እመለስባታለሁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው አንድ ቁም ነገር ነው። ቫትን የሚሸከመው የመጨረሻው ተጠቃሚ ነው። የተመዘገበ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ቫት፣ ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ቀንሶ ልዩነቱን ለገቢዎች ያስገባል። ፋብሪካው ይቀንሳል፤ አከፋፋዩ ይቀንሳል፤ ቸርቻሪው ይቀንሳል። የማይቀንሰው ብርድ ልብሱን ለብሶ የሚያድረው ሰው ነው። ለእሱ ቫት የዋጋው አካል ነው፤ ተነጥሎ የሚመለስለት ነገር የለም። «ዋጋው 4,000 ነው፣ ቫቱ ሌላ ነው» ማለት ለነጋዴ መዝገብ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለኩታበሯ እናት ግን ዋጋው 4,600 ብር ነው። ሌላ ዋጋ የላቸውም።

ሁለተኛው ነጥቤ የነጋዴው ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የሚናቅ አይደለም።

አንድ በቫት የተመዘገበ ወጣት ነጋዴ እንዲህ ይለኛል፦ «ወንድሜ፣ እኔ 4,600 ብዬ ብጽፍ፣ ያልተመዘገበው ጎረቤቴ ደግሞ 4,000 ብሎ ቢጽፍ፣ ማን ነው እኔን የሚያየኝ? ሰው ቻናሉን በጣቱ እየገፋ ነው የሚያልፈው። ትንሿ ቁጥር ዓይን ትስባለች። መጀመሪያ ይምጣልኝ፤ ቫቱን ከመጣ በኋላ እነግረዋለሁ።»

ይህን ፍርሃት የሚያግዝ ጥናትም አለ። ራጅ ቼቲ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በአንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ሙከራ አድርጎ ነበር፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በዚያ አገር የመደርደሪያው ዋጋ የሽያጭ ታክስን አይጨምርም፤ ታክሱ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ነው የሚደመረው። ተመራማሪዎቹ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ታክሱን የጨመረ ዋጋ ሲለጥፉ የእነዚያ ዕቃዎች ሽያጭ 8 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ታክሱ አዲስ አልነበረም፤ ገዢዎቹም መኖሩን ያውቁ ነበር። ብቻ ዕቃውን ሲያነሱ በሂሳባቸው ውስጥ አያስገቡትም ነበር።

ስለዚህ ነጋዴው «ብደብቀው ይሸጥልኛል» ሲል ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ያ ተጨማሪ ሽያጭ ከምን መጣ? ገዢው በመርሳቱ ነው የመጣው። ደንበኛ በመርሳቱ ላይ የቆመ ንግድ ደግሞ በካሊፎርኒያ የማያውቁት አላፊ አግዳሚ ላይ ይሠራ ይሆናል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰው ይተዋወቃል። ከአንዱ ቻናል ተበሳጭቶ የወጣ ሰው ለእህቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛው ይናገራል። በአንድ ሽያጭ የተገኘው 600 ብር ሦስት ደንበኛ ያስቀራል።

ግን እስካሁን ያልኩት ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ስም ነው። ወጣቱ ነጋዴ «ስሜን ብጠብቅም ጎረቤቴ በዋጋ ያሸንፈኛል» ቢለኝስ? እንግዲህ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። እባካችሁ ወረቀት ያላችሁ ጻፉት።

መርካቶ ያለ አከፋፋይ አንድ ዕቃ 2,000 ብር፣ ሲደመር ቫት 300፣ በጠቅላላው 2,300 ብር በደረሰኝ ይሸጣል እንበል። ሁለት ቸርቻሪዎች ገዙት። ሁለቱም 400 ብር ማትረፍ ይፈልጋሉ፤ ለቀላልነት የተርን ኦቨር ታክሱን እንተወው።

ያልተመዘገበው ቸርቻሪ 2,300 ብር ከፍሏል። የከፈለውን 300 ብር ቫት የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የእሱ ወጪ 2,300 ነው። 400 ሲጨምር 2,700 ብር ይሸጣል።

የተመዘገበው ቸርቻሪም 2,300 ከፍሏል፤ ግን 300 ብሩን ይቀንሰዋል። የእሱ ወጪ 2,000 ነው። 400 ሲጨምር 2,400 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 360 ብር ሲደመር 2,760 ብር። ለገቢዎች የሚያስገባው ከ360 ላይ 300 ተቀንሶ 60 ብር ነው።

አንዱ 2,700፣ ሌላው 2,760። ልዩነቱ 60 ብር ነው! ልዩነቱ 400 ብር አይደለም፤ የዋጋው 15 በመቶም አይደለም። ያልተመዘገበው ጎረቤታችሁም ቫት ዋጋው ውስጥ አለ፤ ተደብቆ ነው እንጂ። የሚለያችሁ በትርፋችሁ ላይ ያለው ቫት ብቻ ነው። ለ60 ብር ደግሞ እናንተ ደረሰኝ አላችሁ፤ ዕቃው ቢበላሽ ገዢው የሚያስረዳበት ወረቀት አለው፤ መሥሪያ ቤት የሚገዛው ከእናንተ ነው።

ይህ ሂሳብ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ አታምኑኝም። አከፋፋዩ ደረሰኝ ካልሰጠ ነው። ያኔ የተመዘገበው ቸርቻሪ የሚቀንሰው ቫት አይኖረውም፤ 15 በመቶውን በሙሉ ዋጋው ላይ ብቻውን ይሸከማል። የብዙዎቻችሁ ሕመም እዚህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። በ2017 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት ሱቆች የተዘጉበት ጊዜ ነበር፤ ያ ግርግር እስከዚህ ድረስ ዕቃ አሳጥቷችሁ ይሆናል። ደረሰኝ ከላይ ካልወረደ ታች ያለው ሰው ንጹሕ ሆኖ መነገድ ይቸግረዋል። ይህ ችግር የመንግሥት አካላት ከቸርቻሪው ይልቅ በአስመጪውና በአከፋፋዩ ላይ ቢጠነክሩ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የላይኛው ሰው ደረሰኝ መከልከሉ፣ ከኩታበር የምትገዛ እናት ላይ ዋጋ ለመደበቅ ምክንያት ሊሆነን አይገባም። እሷ ምን አደረገች?

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ቫት ያልጨመረ ዋጋ ሲለጠፍ ቫቱ ለድርድር ይቀርባል። «4,000 ነው፤ በደረሰኝ ከሆነ 4,600።» ይህን ያልሰማ በአዳራሹ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ገዢው ምን ያደርጋል? «እንግዲያው ያለ ደረሰኝ» ይላል። ሰው ሆኖ 600 ብር ማዳን የማይፈልግ የለም። እንዲህ አድርገን አንድን ሐቀኛ ሰው ወደ ስወራ እንጋብዘዋለን። ዋጋው ከመጀመሪያው 4,600 ተብሎ ቢለጠፍ ኖሮ ደረሰኙ ከዋጋው ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ይሆን ነበር። «በደረሰኝ ወይስ ያለ ደረሰኝ» የሚለው ጥያቄ የሚጠፋው ሁለት ዋጋ ሲጠፋ ነው።

የባሰም አለ። በቫት ሳይመዘገቡ «ሲደመር ቫት» የሚሉ አሉ። ይህ ወንጀል ነው። ያልተመዘገበ ሰው በቫት ስም ገንዘብ መሰብሰብ አይችልም፤ የሰበሰበው ወደ ኪሱ ነው የሚገባው። ገዢዎች ሆይ፤ ቫት ክፈሉ ከተባላችሁ ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኙ ላይ የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ፣ 15 በመቶው፣ ጠቅላላውም ተለያይተው ይታያሉ። ደረሰኝ የለም ካሏችሁ ቫትም የለም።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልበል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። በኋላ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ፤ በስልክና በኮምፒውተር የሚደረግ ሽያጭም ግዴታና መብት ያለበት ሕጋዊ ግብይት ሆነ። እንግዲህ እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ማንም የማይገዛበት ቁጥር ተለጥፎ ዋጋ ተለጠፈ ሊባል ይችላል? «ዋጋ በውስጥ መስመር» እያሉ ጭራሽ የማይጽፉትስ? የሱቁ በር ላይ ዋጋ መለጠፍ ግዴታ ከሆነ፣ ዛሬ የብዙ ሰው የሱቅ በር ቻናሉ ነው። በውስጥ መስመር የሚነገር ዋጋ ለአንዱ 4,000፣ ለሌላው እንደ ፎቶውና እንደ ስሙ 4,500 ሲሆን ማንም አያየውም። ይህን ልማድ ብንተወው ምን ያህል ደስ ባለኝ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? በአሜሪካ የሽያጭ ታክሱ በየግዛቱ ይለያያል፤ ከነጭራሹ የሌለባቸውም አሉ፤ በአንድ ግዛት ውስጥ እንኳ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ስለዚህ ለመላው አገር የሚሸጥ ድረ ገጽ ገዢው የት እንዳለ ሳያውቅ ሙሉውን ዋጋ መናገር ይቸግረዋል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ታክስ በመጨረሻ ሲደመር ለምደውታል። አንዳንድ ሰው «አሜሪካም እንዲህ ነው» ብሎ ይከራከረኛል። የእኛ አገር ግን አንድ ምጣኔ ነው ያላት! ደሴም 15፣ ሐዋሳም 15፣ ጅማም 15። የአሜሪካ ነጋዴ ያለው ምክንያት እኛ ጋ የለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሸማች የሚታይ ዋጋ ቫትን ያካተተ መሆን እንዳለበት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የወጣ መመሪያ አለ። የጃፓን ነገር ደግሞ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጠቅላላ ዋጋ ማሳየትን ግዴታ አደረጉ። ታክሱ ሊጨምር ሲል ነጋዴዎቹ እንዳይቸገሩ ከ2013 ጀምሮ ላላ አደረጉላቸው፤ ታክሱን ሳይጨምሩ መጻፍ ተፈቀደ። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ግን ወደ ጠቅላላ ዋጋ ተመለሱ። ሁለቱንም መንገድ ሞክረው የተመለሱት ወደዚህኛው ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ፦ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ የሚያስፈልገው ሰው የለም ወይ? አለ። እሱን ረስቼ ብናገር ኮምቦልቻ ላይ የምትሠሩ ትታዘቡኛላችሁ።

ፕሮፎርማ የሰበሰበ ሰው ያውቀዋል። የመሥሪያ ቤት ግዢ ሠራተኛ ሦስት ቦታ ዞሮ ሦስት ፕሮፎርማ ያመጣል፤ አንዱ ቫትን ጨምሯል፣ አንዱ አልጨመረም፣ ሦስተኛው ምንም አላለም። ያን ጊዜ ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ በፕሮፎርማ ላይ ከቫት በፊት፣ ቫቱ፣ ጠቅላላው በሦስት መስመር ይጻፋል። ትክክል ነው። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ከደሴ ነጋዴ የመለዋወጫ ዕቃ በስልክ ሲያዝ፣ የሚከፍለውን ቫት ይቀንሰዋልና ለእሱ ዋናው ቁጥር የተጣራው ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እንዳሉት ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ድርጅቶች ደግሞ ወደ ውጭ የሚልኩት ዕቃ በዜሮ ምጣኔ ነው የሚስተናገደው፤ ለውጭ ገዢ ቫት አይጨምሩም።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነገር ላንሳ። ጋቢ የምትሸጥ እህት «ዋሽንግተን ያለ ሰው በዶላር ከፍሎኛል፤ ኤክስፖርት ነው፣ ቫት የለበትም አይደል?» ትላለች። ጋቢው በሕጋዊ የወጪ ንግድ ሰነድ ከአገር ከወጣ አዎ። ነገር ግን ዋሽንግተን ያለው ልጅ የከፈለው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ላሉት እናቱ እንዲደርስ ከሆነ፣ ጋቢው ከአገር አልወጣም። የወጣ ነገር የለም፤ የገባው ዶላር ብቻ ነው። ሽያጩ የአገር ውስጥ ሽያጭ ነው፤ ሻጯ ከተመዘገበች ቫት አለበት።

ስለዚህ ለድርጅት የሚሸጥ ሰው ሁለቱንም ቁጥር ያሳይ። ክርክሬ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይጉላ በሚለው ላይ ነው። ለሸማች በተከፈተ ቻናል ላይ በትልቁ «4,600 ብር»፣ ከሥሩ በትንሹ «ከዚህ ውስጥ ቫት 600 ብር» ይባል። የድርጅቱ ገዢ ትንሿን ይፈልጋታል፣ ያገኛታል፤ ሥራው ነው። እናት ግን ትንሿን ፊደል እንድትፈልግ አታስገድዷት። ለጅምላ ብቻ የተከፈተ ቻናል ካላችሁ፣ ገዢዎቹም ነጋዴዎች ብቻ ከሆኑ፣ የተጣራውን ብታስቀድሙ አልቃወምም፤ «ከቫት በፊት» የሚለው ከቁጥሩ ጎን፣ በቁጥሩ ልክ ይጻፍ እንጂ።

ከውስጥ ያለውን ቫት ስታወጡ አንድ ስሕተት አደራ። 2,300 ብር ቫትን ያካተተ ዋጋ ከሆነ ቫቱ ስንት ነው? ብዙ ሰው 2,300ን በ15 በመቶ ያባዛና 345 ይላል። አይደለም። 15 በመቶው የሚሰላው ከ2,000 ላይ ነው፤ ቫቱ 300 ብር ነው። 2,300ን ለ1.15 አካፍሉት፤ 2,000 ይመጣል። ወይም 2,300ን ለ23 አካፍሉና በ3 አባዙት፤ 300 ይመጣል። 345 ብሎ የሚያስብ ነጋዴ በእያንዳንዱ ዕቃ 45 ብር ከገዛ ትርፉ ላይ እየቆረጠ ነው። ሙሉ ዋጋ መጻፍ ኪሳራ የሚመስላቸው አንዳንዶች ኪሳራቸው ከዚህ ሂሳብ የመጣ ነው።

የሆቴልና የምግብ ቤት ባለቤቶች ካላችሁ ለእናንተም አንድ ቃል። ሜኑ በቴሌግራም ስትለጥፉ 500 ብር የተባለ ምግብ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 550 ይሆናል፤ በ550 ላይ 15 በመቶ ቫት 82.50 ነው፤ ጠቅላላው 632.50። ሰውየው 500 አይቶ ቤተሰቡን ይዞ መጣ፤ አምስት ሰው ሲበላ 2,500 ያለው 3,162.50 ሆነ። ልጆቹ ፊት ኪሱን ሲዳስስ ማየት ያሳዝናል። 632.50 ብላችሁ ጻፉት፤ ከፈለጋችሁ ወደ 630 ዝቅ አድርጉትና ደንበኛ አትርፉ።

ማድረሻውም እንደዚሁ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለኮምቦልቻ ስንት፣ ለሐይቅ ስንት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሆነ ቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። «እንነጋገራለን» አትበሉ። የተመዘገባችሁ ከሆነ፣ ዕቃውን ራሳችሁ እያደረሳችሁ የምታስከፍሉት ክፍያ በሽያጩ ሂሳብ ውስጥ ስለሚገባ ቫቱን ጨምራችሁ ጻፉት።

አሁን ወደዚያች 2 ሚሊዮን ልመለስ፤ በዚሁ እጨርሳለሁ። «እኔ ትንሽ ነኝ፤ ቫት አይመለከተኝም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። 2 ሚሊዮን ብር ለ12 ወር ሲካፈል በወር 167,000 ብር ገደማ ነው። 4,000 ብር ጫማ የሚሸጥ ሰው በዓመት 500 ጥንድ ከሸጠ ደርሷል፤ በወር 42 ጥንድ ማለት ነው። ትርፉ አይደለም የሚቆጠረው፤ ጠቅላላ ሽያጩ ነው። በዚህ የዋጋ ንረት ጊዜ ሰው ሥራው ሳያድግ ቁጥሩ ያድግበታል። ስለዚህ ሽያጫችሁን ከዛሬ ጀምራችሁ በደብተር ያዙ፤ በቴሌብርና በባንክ የገባውን በየወሩ ደምሩ። ገቢዎች ከመንገራቸው በፊት ራሳችሁ እወቁት።

የምትመዘገቡበት ቀን ሲመጣ ሁለት ምርጫ ይኖራችኋል። አንዱ 4,000 የነበረውን ጫማ በአንድ ቀን 4,600 ማድረግ ነው፤ ደንበኛ ይደነግጣል። ሌላው ሂሳቡን እንደገና መሥራት ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ በደረሰኝ በምትገዙት ዕቃ ላይ የከፈላችሁትን ቫት ትቀንሳላችሁ፤ ስለዚህ ወጪያችሁ ይወርዳል፤ አዲሱ ሙሉ ዋጋ 4,600 መሆን ላይኖርበት ይችላል። ቅድም በሠራነው ሂሳብ 2,700 የነበረው 2,760 ነው የሆነው፤ 3,105 አልሆነም። በዚያው መንገድ የራሳችሁን ዕቃ አስሉት።

ዋጋውን ከቀየራችሁ ደግሞ አሮጌውን ፖስት አትርሱ። የሱቅ ዋጋ ተነቅሎ ይጣላል፤ የቴሌግራም ፖስት ግን እዚያው ይቀመጣል። የዛሬ ስምንት ወር የለጠፋችሁትን ሰው ፈልጎ ያወጣውና «4,000 ብላችሁ ነበር» ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው። አስተካክሉት ወይም አጥፉት። ከዚያ ከቻናሉ አናት ላይ አንድ መልእክት ፒን አድርጉ፦ የምናሳየው ዋጋ ሁሉ 15 በመቶ ቫትን ያካትታል፤ ደረሰኝ እንሰጣለን፤ ማድረሻ ለደሴ ይህን ያህል፣ ለኮምቦልቻ ይህን ያህል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ይኸው። ያልተመዘገባችሁም «በቫት አልተመዘገብንም፤ የምትከፍሉት የተጻፈውን ብቻ ነው» በሉ፤ አያሳፍርም።

 ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ አለን ተብያለሁ። ስልካችሁን አውጡና ቻናላችሁን ክፈቱ፤ የራሳችሁን ዕቃ፣ የራሳችሁን ዋጋ እያየን እንነጋገር። ከዚያ ጥግ ካላችሁት እንጀምር።